የቀይዋ ማኪና ላስቲክ

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ሚያዝያ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዐብዱልከሪም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ካለህበት አገር በሰላም ያኑርህ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ያኮረፉን የባለቤቴ የሐጅ ጉልበትና የእኔ ዓይን ብቻ ናቸው። ልጄ ሰሚያ «ደውይለትና ጨርሺው» ትለኛለች፤ እኔ ግን ስልክ አይሆንልኝም። በስልክ አንተም ደህና፣ እኔም ደህና፣ ካርዱ አለቀ። ደብዳቤ ቢያንስ ተመልሶ ይነበባል። ነጋዴው ዋኘው ልብስ ሊያመጣ ወደ ዱባይ ስለሚሄድ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

የምሥራች አለኝ፤ ሰሚያ ታጨች። ልጁ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ቁጥብ ሰው ነው፤ አባቱንም በጨርቅ ንግድ እናውቃቸዋለን። ሰርጉ በሚመጣው ጥር ነው፣ ኢንሻአላህ። ታዲያ ሙሽሪት «ከቀይዋ በቀር በሌላ ማኪና አልወጣም፤ የወንድሜ ማኪና ናት» ብላ ተነሥታለች።

ቀይዋን ታውቃታለህ። ልጄ ኡዘይር፣ አላህ ጀነት ያግባውና፣ ከሻርጃ ሲልካት አብረኸው ነበርክ። ለውድድር የተሠራች ናት ብላችሁን ነበር። ሐጅ አሁንም ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሁለተኛ ማርሽ እስከ ጠዳ ይነዷታል። ባጃጅ እያለፋቸው ይሄዳል፤ እሳቸው «እሷ ብትፈልግ ማን ይቀድማታል» እያሉ ይመለሳሉ። ችግሩ ከላይ የለበሰችው ላስቲክ ነው። ስትመጣ መኖሩም አይታይም ነበር። አሁን እንደ ቆየ ቅቤ ቢጫ ሆኗል፤ ኮፈኑ ላይ ተሰነጣጥቋል፤ ጠርዙ ተነሥቶ አቧራ ገብቶበታል። የአንተ ሥራ ይኸው ስለሆነ ቢጫውን የሚያነጻ መድኃኒት ካለ ላክልኝ።

ላስቲኩን ማንሣት ግን አልፈልግም። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።

አክስትህ ሃጂራ


ሻርጃ
ግንቦት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለሃጂራ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ለሐጅም ጉልበት ይስጣቸው። የሰሚያን ዜና ሳነብ በደስታ የሱቁን ሰዎች ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። ትላንት ሹሩባ ስትሠራ ሰፈር የምትበጠብጥ ልጅ ዛሬ ሙሽራ ሆነች!

ስለ ቀይዋ እውነቱን ልንገርዎ፤ ቢጫውን የሚያነጻ መድኃኒት የለም። እኛ ፊልም የምንለው ያ ላስቲክ ዕድሜ አለው። ጠጠርና ጭረት ቀለሙን እንዳይነካው ራሱ ይመታል፤ ፀሐዩንም ራሱ ይጠጣል። አምስት ዓመት፣ ቢበዛ ሰባት ዓመት ሠርቶ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ዝም ከተባለ ሙጫው ደርቆ ከቀለሙ ጋር አንድ ይሆናል፤ በግድ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። እዚህ ሱቅ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት መኪና አሮጌውን አንሥተን አዲስ እናለብሳለን። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? የቀይዋ ጊዜ ደግሞ ትንሽ አልፏል።

አክስቴ፣ ላስቲክ ማንሣት እንደማይወዱ አውቃለሁ። በዚያ ቤት ያደግሁ ነኝ። በበጋ ሶፋው ላይ ተቀምጬ በተነሣሁ ቁጥር ላስቲኩ ጭኔን ይዞ አልለቅም ይል ነበር። ፍሪጁ ከነላስቲኩ ነበር፤ የግድግዳው ሰዓትም ከነላስቲኩ፣ ስንት እንደሆነ ለማየት ጠጋ ማለት ነበረብን። ሐጅስ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው «ማንም እንዳይነካ!» ይሉን አልነበር? ኡዘይር አውራ ጣቱን በመርፌው ካስበሳ ወዲህማ ማን ያስጠጋናል። ይህኛው ግን እንደ ሶፋው አይደለም፤ በቆየ ቁጥር ይጎዳል።

እስቲ ከቅርብ ፎቶ አስነሥተው ይላኩልኝ። አይቼ የሚያስፈልገውን እልካለሁ።

ልጅዎ ዐብዱልከሪም


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ሰኔ 15 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለዐብዱልከሪም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤህ ደርሶን ደስ ብሎናል፤ አላህ ያስደስትህ። ፎቶዎቹን በዚሁ ልኬያለሁ። ፎቶ አንሺው ሙሽራ ሊያነሣ መስሎት ከነሱፉ መጥቶ ማኪና ሥር ተንበረከከ።

የሐጅን ጉድ ስማ። ያንተን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ «ይኼ እድፍ ነው» ብለው በላምባ ፈተጉት። ቢጫ የነበረው አሁን ቢጫም ጭጋግም ሆነ። ደንግጠው ደግሞ የሶፋ ላስቲክ በሜትር ገዝተው በላዩ ላይ በፕላስተር አለበሷት። ላስቲኩ እንዳይበላሽ ላስቲክ! ጎረቤት ሲስቅ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ» ብለው ገቡ።

ክንዱ የሚባል ባለሙያ አግኝተናል። የትክል ድንጋይ ሰው ነው፤ እዚህ የባጃጅና የሚኒባስ ስቲከር እየለጠፈ ሦስት ልጆቹን ያሳድጋል። አንዷን ጠርዝ በጥፍሩ ገለጥ አደረገና «እትዬ፣ ከሥሩ እንዲህ ያለ ሸጋ ቀለም ተቀምጦ ምነው እስተዛሬ ሸፈናችሁት?» አለኝ። «ሻይ ይምጣልህ» ብዬ አለፍኩት።

ለአንተ ግን ልንገርህ። መጨረሻ ያለችውን ፎቶ እያት። ከግራው የፊት መብራት ጥግ፣ ከላስቲኩ ሥር የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከላይ ብትፈትገው አይለቅም፤ ሙጫው ውስጥ ነው። ሰሚያ «የወንድሜ ጣት ናት» ብላ ለጓደኞቿ ታሳያለች። እኔ ማኪናዋ ከመጣች ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ሐጅ ከመንዳታቸው በፊት በነጠላዬ ጫፍ የአሻራዋን ዙሪያ እጠርጋለሁ። ላስቲኩ ሲነሣ አሻራዋስ ምን ትሆናለች? ለመሆኑ ያን ጊዜ ስትለጥፉ የማን እጅ ነበር?

ደግሞስ ለሰርጉ ትመጣለህ ወይ? ኡዘይር ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን እግርህ ይህን ደጃፍ አልረገጠም።

አክስትህ ሃጂራ


ሻርጃ
ነሐሴ 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለሃጂራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ለዒዱ አደረሳችሁ፤ ጾማችሁን አላህ ይቀበላችሁ። መልሴ የዘገየው ረመዷን ስለነበረ ነው።

በዋኘው እጅ አንድ ጥቅል አዲስ ፊልም፣ የጎማ መጥረጊያና ሙጫ የሚያለቅቅ ፈሳሽ ልኬያለሁ። ጥቅሉን ቀጥ አድርጎ እንዲይዘው ነግሬዋለሁ፤ ከታጠፈ መስመሩ አይጠፋም። ለክንዱ እንዲህ ብለው ያንብቡለት። ሐጅም ይስሙ፤ ላምባ ከእንግዲህ ሐራም ነው።

በመጀመሪያ የሐጅን የሶፋ ላስቲክ ያንሣ። ከዚያ መኪናዋን ጥላ ሥር ያቁማት፤ ክረምቱ ወጥቶ የጥር አቧራ ሳይነሣ ቢሆን ጥሩ ነው። አሮጌውን ፊልም በሙቅ ውሃ በተነከረ ፎጣ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ያሙቀው፤ እጅ እስኪችለው ድረስ እንጂ አያቃጥለው። ሲሞቅ ከጠርዙ ይዞ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላው አጥፎ፣ ቀስ እያለ ይሳብ። ቸኩሎ ከነጠቀው ቀለም ይመጣል። ያረጀ ስለሆነ እየተቆራረጠ ያስቸግረዋል፤ ቢላና ምላጭ ግን እንዳያስጠጋ። የቀረውን ሙጫ በላክሁት ፈሳሽ ይጥረገው።

አዲሱን ሲለጥፍ ገላዋንም፣ ፊልሙንም፣ የራሱንም ጣቶች በሳሙና ውሃ ያርጥብ። የደረቀ ጣት ሙጫውን ከነካ አሻራው እዚያው ይቀራል። እኛ አሁን አለቃችን ጓንት ያስለብሰናል። ከዚያ ውሃውን ከመሐል ወደ ዳር በመጥረጊያው ገፍቶ ማስወጣት ነው።

የጥጉን ነገር በመጨረሻ ያድርገው። አሻራው ያለው ሙጫው ላይ ስለሆነ ከፊልሙ ጋር አብሮ ይነሣል። ሳይቆረጥ ከወጣ ወዲያው ንጹሕ መስታወት ላይ ቢለጥፉት ይቆያል።

ስለ ሰርጉ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ እንደሚሰጡኝ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሥራ የሚበዛው በዚያው ሰሞን ነው።

ልጅዎ ዐብዱልከሪም


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
መስከረም 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለዐብዱልከሪም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ። ዕቃው ሳይታጠፍ ደርሷል። ዋኘው አውሮፕላን ውስጥ በእግሮቹ መሐል እንደ ከዘራ ይዞት እንደመጣ ይምላል።

ክንዱ ሥራ ከጀመረ አራት ቀኑ ነው። ፔርሙዙንም፣ ፎጣውንም፣ የሰሚያን ፀጉር ማድረቂያም ወርሶናል። የኋላው፣ ጣሪያውና በሮቹ አልቀዋል። ከሥር የወጣውን ቀለም ብታየው! ሐጅ ዞር ዞር ብለው አዩና «ይህን ስምንት ዓመት ደብቀን ነው የኖርነው?» አሉ። አሁን የቀረው ኮፈኑ ነው።

ዛሬ ክንዱ ጥጉ ዘንድ ሲደርስ እጁን ያዝኩት። ሰሚያ ተናደደች፤ «እማ፣ ሰርጌ ደረሰ፣ መስታወት ላይ ይለጠፋል ተብሎ የለም ወይ?» አለችኝ። መስታወቱማ ተዘጋጅቷል።

አንተ ግን ጥያቄዬን ዘለልከው። ስለ ፎጣ አንድ ገጽ ጻፍክ፣ ስለ ጠየቅሁህ አንድ ቃል የለም። አሁን በግልጽ እጠይቅሃለሁ፤ ያ ጣት የማን ነው? ለክንዱ «ሻርጃ ያለው ልጅ መልስ እስኪሰጠኝ ጠብቅ» ብዬዋለሁ። ቀይዋም ግማሽ ፊቷን ተላጭታ ግቢ ቆማለች።

አክስትህ ሃጂራ


ሻርጃ
ጥቅምት 8 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለሃጂራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒዱን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋዬ ነው።

አክስቴ፣ ጣቱ የኡዘይር አይደለም። የእኔ ነው።

ይህን ጽፌ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አስቀመጥሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርዎ። ቀይዋን ኡዘይር የገዛት ተጋጭታ ከተጣለችበት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ፣ ሰው ሲያርፍ፣ እሱ ሥሯ ተኝቶ ይውላል። አንድ ቀን ራሱ እየነዳት አዲስ ዓለም ሊገባ ነበር አሳቡ። «በኛ ሠፈር ኮረብታ ላይ ምን ትሆንልሃለች?» ስለው «አባቴ እስከ ጠዳ ይነዳታል» ይለኛል። እንዳለውም ሆነ።

ላስቲኩን የለበሰችው በ1997 ክረምት ነው። ያን ቀን ኡዘይር መለጠፍ አልቻለም፤ መቆም አልቻለም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ «ከላይ ሳበው፣ ውሃውን ወደ ታች ግፋ፣ አትቸኩል» እያለ ያዝዘኛል። እኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ። ጥጉ ላይ ስደርስ ጣቴን ማርጠብ ረሳሁና አውራ ጣቴ ሙጫው ላይ ቀረ። አንሥቼ በሌላ ልቀይረው ስል «ተወው፤ እናቴ እንደሆነች ላስቲክ አታነሣም፤ እዚያው ትኖራለህ» ብሎ ሳቀ።

ኩላሊቱ ነበር። ከዚያ ክረምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሰባት ወር ታመመ። ለእናንተ በስልክ «ድንገት ነው» ያልኳችሁ ውሸት ነው። «እናቴ ብትሰማ ትመጣለች፣ አባቴ ሱቁን ይሸጣል፣ ሰሚያ ከትምህርቷ ትቀራለች፤ እኔ ደግሞ እድናለሁ» እያለ እንዳልነግራችሁ ወላሂ አስባለኝ። እኔም እድናለሁ ሲለኝ አመንኩት። መኪናዋን ቀድሞ የላካትም «እሷ ትግባ፣ እኔ እከተላለሁ» ብሎ ነው። ከእሱ ጋር ሐኪም ቤት ያደርኩት፣ ያጠብኩት፣ የቀበርኩትም እኔ ነኝ። ብቻውን አልነበረም፤ ይህን ግን ብነግርዎ ሁሉንም መናገር ሊኖርብኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያልመጣሁት ፈቃድ አጥቼ አይደለም። እርስዎ «እንዴት ነበር?» ብለው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ምን እንደምል ስለማላውቅ ነው። የፎቶዋን ጥግ ሳይ አፈርኩ። እርስዎ የልጅዎ መስሎዎ በነጠላዎ ሲጠርጉት የኖሩት የእኔን ስሕተት ነው። ክንዱ ይንቀለውና ይጣለው። እኔንም ይቅር ቢሉኝ፤ ባይሉኝም አልቀየምም።

ዐብዱልከሪም


ሻርጃ
ኅዳር 21 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለሃጂራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዋኘውን ገበያ አገኘሁት፤ ደብዳቤዬን በእጅዎ እንደሰጠዎ ነገረኝ። መልስ እንዳልሰጡትም ነገረኝ። ስለ ቤቱም ስለ እርስዎም ብጠይቀው «ደህና ናቸው» ብቻ አለኝ።

ሰርጉ ቀርቧልና ፊልሙ በቂ ካልሆነ ያሳውቁኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ዐብዱልከሪም


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ታኅሣሥ 13 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለዐብዱልከሪም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የዘገየሁት ተላላኪ አጥቼ አይደለም፤ ተቆጥቼ ነው። ሰባት ወር ልጄ ታሞ አንድ ጉንጭ ውሃ ሳላቀምሰው! የተቆጣሁት ሁለታችሁንም ነው፤ አንዳችሁ ቁጣዬ የማይደርስበት ስለሄደ ግን ሁሉም አንተ ላይ ወደቀ። ወር ሙሉ ስምህን የጠራብኝን ሰው ሁሉ ገላመጥኩ። ለሐጅ አንድ ሳምንት ደብቄ ኋላ አነበብኩላቸው። የስፌት ማኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ «ሱቁንማ እሸጠው ነበር፤ ልጁ አውቆኛል» አሉ። በማግሥቱ አንድም ልብስ ሳይሰፉ ዋሉ።

አሁን የእኔን ስማ። ጣቱ የኡዘይር እንዳልሆነ ማኪናዋ ግቢ በገባች ሳምንት አውቄያለሁ። ኡዘይር በዘጠኝ ዓመቱ መርፌው ከወጋው ጀምሮ አውራ ጣቱ መሐል ለመሐል ጠባሳ ነበረው፤ ደሙን ይዤ ያሠርኩለት እኔ ነኝ። ጥጉ ላይ ያለው ጣት ደህና ነው፣ መስመሮቹ አልተቋረጡም። እናት የልጇን ጣት አታውቅም? በግንቦቱ ደብዳቤህ ስለ መርፌው ስትጽፍልኝ ልትነግረኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። ሳታስበው ነው ለካ። ለሰሚያ «የወንድምሽ አይደለም» ማለት አልቻልኩም፤ ልጅ ነበረች፣ ደስ ይላት ነበር።

የእሱ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ያንተ ነው። ኡዘይር አቅም እያለው ያን ያህል የለፋባትን ማኪና ለሌላ እጅ አይሰጥም ነበር። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ከዚያች ጣት ሁለት ነገር ጠርጥሬያለሁ፤ ልጄ ታሞ እንደነበርና ብቻውን እንዳልነበር። ጥርጣሬና እውነት አንድ አይደሉም፤ ሰባት ወር መሆኑን ስሰማ ተቃጥያለሁ። ያጠብከው አንተ መሆንህን ስሰማ ግን፣ ዐብዱ፣ አላህ ይመስክር፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እያወቅሽ ለምን ጠየቅሽኝ ትለኝ ይሆናል። አንተው በአፍህ እንድትነግረኝ ነዋ። ካልነገርከኝ አትመጣም። እኔ ዓርብ ዓርብ በነጠላዬ ስጠርግ የኖርኩት የሞተውን ልጄን ጣት አይደለም፤ የቀረውን ነው። የሞተውንማ ለአላህ ሰጥቻለሁ።

ክንዱ ኮፈኑን ጨርሷል። የጥጉን ላስቲክ እኔ ራሴ አሙቄ፣ እንዳልከው ወደ ኋላ አጥፌ አነሣሁት፤ አልተቆረጠም። ሳሎን መስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲመጣ መስመሩ ሁሉ ይታያል። ቀይዋ አምራለች። ሐጅ ባለፈው ዓርብ በሦስተኛ ማርሽ ነዷት። የሶፋውን ላስቲክ ግን አላነሣሁም፤ እሱ ገና ነው።

ሰርጉ ጥር 18 ቀን፣ እሑድ ነው። ክንዱን «ጥጉን እንዳትነካ» ብዬዋለሁ፤ «ምነው እትዬ፣ ሥራዬን ጎዶሎ ታስመስሉብኛላችሁ» ብሎ አኩርፏል። አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ባዶ ነው፤ የአዲሱን ላስቲክ ቁራጭም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ። መጥተህ አንተ ትለጥፈዋለህ።

ጓንት እንዳታደርግ።

አክስትህ ሃጂራ